ላም አለኝ በሰማይ

በአገራችን ይግባኝ የማይባልበት ፍርድ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ “ሲስተም የለም”።

መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ሁላችንም እኩል እንጨልማለን። ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን ይዞ የሚወጣ ጎረቤት አይታጣም። ሲስተም ሲጠፋ ግን መስኮቱ ክፍት ነው፣ አምፖሉ በርቷል፣ ልጅቷ ወንበሯ ላይ ናት፣ ኮምፒውተሩም ፊት ለፊቷ ቦግ ብሏል። የሌለው ሲስተም ብቻ ነው። “መቼ ይመጣል?” ብትሏት “አይታወቅም” ትላለች። “የት ሄዶ ነው?” ብትሏት ግን ታዝንላችኋለች።

ጂንካ ላይ ይህ ቃል ይበልጥ ይከብዳል። ከኦሞ ዳር፣ ከካሮዎቹ መንደር ከዱስ የተነሣ ሰው፣ የተገኘ ጭነት መኪና ላይ ተንጠላጥሎ፣ ቱርሚ አድሮ፣ ዲመካንና ቀይ አፈርን አልፎ፣ አቧራውን አራግፎ መስኮቱ ጋ ሲደርስ የሚሰማው ያንኑ ነው። አንድ ጊዜ ከፊቴ ተሰልፈው የነበሩ አዛውንት “አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ” ብለው ዱላቸውን አንሥተው ሲወጡ አይቻለሁ። ልጅቷ ስድብ መሰላት። ለእኔ ግን ከቢሮው የወጣ የመጀመሪያው ትክክለኛ የቴክኒክ ሪፖርት ነበር።

ለመሆኑ ሲስተም የሚባለው የት ነው የሚኖረው? ከመስኮቱ ጀርባ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ “ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው” የሚል ወረቀት የተለጠፈበት በር አለ። (መሥሪያ ቤቱን አልጠራም። ጂንካ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሁሉም የራሱን ቢሮ ጠርጥሮ ዝም ቢል ይሻላል።) ውስጡ የሞተ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ተከብሮ ያለፈ በዓል ባነር፣ ሁለት የላንድክሩዘር ጎማ፣ ጆንያ ሙሉ የአሪ ቡና አለ። ከእነዚህ መሃል አንድ ጥቁር ሳጥን ያጓራል። እሱ ነው፤ ሰርቨር ይሉታል።

ከሳጥኑ ጋር አንድ ልጅ አብሮ ተመድቧል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ የሚጠራው ግን “አይቲ” ተብሎ ነው። “አይቲ፣ ፕሪንተሩ ወረቀት በላ!” “አይቲ፣ የዋይፋዩ ፓስወርድ ተቀየረ እንዴ?” “አይቲ፣ ስትወጣ እግረ መንገድህን እቤት ብቅ በልና ዲሹን እይልኝ፣ ልጆቹ ተቸገሩ።” ሰርቨሩ ሲሠራ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ የለም። ሲቆም ደግሞ ከኃላፊው እስከ ጥበቃው ሁሉም መጥቶ ከጀርባው ይቆምና ስክሪኑን አብሮት ያያል። ማንም ምንም አይገባውም፤ ሁሉም ግን “ሪስታርት አድርገኸው ነበር?” ይላል።

የሚያናድደው ግምታቸው ትክክል መሆኑ ነው፤ ከአሥር ጊዜ ሰባቱን የሚሠራው ሪስታርት ነው።

ከልጁ ጋር የተዋወቅነው እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ስጠብቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ቡና ላይ እንገናኛለን። እሱ “ጋሼ” ይለኛል፤ እኔ ሙያውን አላውቅም፣ ስለዚህ ጥሩ አድማጭ ነኝ። ሰርቨር ስለ መጠበቅ የሚያውቀውን ለመሥሪያ ቤቱ በደብዳቤ አቅርቦ “ይታይ” ተብሎበታል። ከ“ይታይ” በኋላ ያየው የለም። እዚህ ብዘረግፈው ሳይሻል አይቀርም።

“ጋሼ፣ የመጀመሪያው ጠላቴ ሃከር አይደለም፤ ጀበና ነው” አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መብራት ሲሄድ በግቢው ውስጥ ነፍስ ያለው ሶኬት የሰርቨሩ መጠባበቂያ ባትሪ፣ ዩፒኤሱ ብቻ ነው። ይህን ምስጢር ከሁሉ ቀድመው የደረሱበት ቡና የሚያፈሉት እትዬ ናቸው። ዲቫይደር ይዘው ይመጡና የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን እዚያው ይሰካሉ። ዩፒኤሱ ሁለቴ ይጮኻል፤ ሦስተኛውን ሳይጨርስ ይጠፋል። ያን ቀን ሲስተምም የለም፣ ቡናም የለም።

ወረቀት ለጠፈ፤ ወረቀቱን ሲኒ ማስቀመጫ አደረጉት። ተቆጣ፤ “ልጄ፣ አንተም እኮ ትጠጣለህ” አሉት። በመጨረሻ ከኪሱ አውጥቶ የከሰል ምድጃ ገዛላቸው። በዚህ ዞን እስከ ዛሬ ከተገዛ የደህንነት መሣሪያ ሁሉ ርካሹና ሥራውን የሚሠራው ይኸው ይመስለኛል።

ስለ ዩፒኤስ የሚለው ሌላም አለው። ሰው ዩፒኤስ የሚገዛው መብራት ሲሄድ ሥራ ለመቀጠል ነው፤ ሊገዛ የሚገባው ግን ሰርቨሩ የጀመረውን ጽፎ ጨርሶ በወጉ እንዲዘጋ ነው። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ቀጭን ገመድ አብራ ትመጣለች። ከሰርቨሩ ጋር ስትያያዝ “ባትሪው ሊያልቅ ነው፣ ዝጋ” የምትለው እሷ ናት። እሱ በየቢሮው ተጠርቶ ሲሄድ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህችን ገመድ ነው፤ ሁልጊዜም የሚያገኛት ካርቶኑ ውስጥ ከነላስቲኳ ነው።

ባትሪ ደግሞ የሚገዛው ሰኔ ላይ ነው። በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ሰኔ 30 ከመድረሱ በፊት የማይገዛ ነገር የለም። ባትሪው ንብረት ክፍል ይገባል፣ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፣ ወጪ የሚሆንበት ሞዴል 22 እስኪፈረም ጥቅምት ይገባል። የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ወራት ከተቀመጠ ሥራ ሳይጀምር ያረጃል። ወረቀቱ ላይ ግን አዲስ ነው፤ ስለዚህ ሌላ አይገዛም። ጂንካ እንኳ ወይና ደጋ ናት፤ ቁልቁል ወደ ኦሞራቴ ሲወረድ ሙቀቱ ሌላ ነው። ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ባለሙያዎቹ ይናገራሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ቬንትሌተር ደግሞ የተዞረው ወደ ቡናው ጆንያ ነው፤ እንዳይሻግት።

“መብራት ሲሄድ አልፈራም፣ ሲመጣ ነው የምፈራው” ይላል ደግሞ። ሲመጣ ዘሎ ነው የሚመጣው። እሱ መብራት እንደመጣ ሁሉንም በአንድ ላይ አያበራም፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ መጀመሪያ ስዊቹን፣ ቀጥሎ ዳታቤዙን፣ መጨረሻ ላይ ሌላውን ያስነሣል። እነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች በመስኮቱ በኩል ሲታዩ “መብራት መጥቶ እንኳ ሲስተም የለም” ይባላሉ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰርቨሩ አጠገብህ ሲሆን ነው። ሩቅ ሲሆን ሌላ ጣጣ አለው። አንድ ወዳጁ ጂንካ ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ላይ የበር ጠባቂውን፣ ፋየርዎሉን ሲያስተካክል፣ “ሁሉንም ከልክል” የምትለዋን መስመር ቀድሞ ጻፈ። “እኔን ግን አስገባ” የምትለዋ ሁለተኛ መስመር ላይ ነበረች። ሁለተኛዋን የሚጽፍበት ዕድል አላገኘም። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆኖ በሩን በራሱ ላይ ዘጋ።

ድሮ ቢሆን የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ መሃል ከተማ ያለው የሣር ሜዳ ነበር፤ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ከብቶቹ ይባረራሉ። ዛሬ ባኮ ላይ ደህና አስፋልት አለ። ወዳጁ በዚያ አስፋልት ተነሥቶ፣ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ኪቦርድ ሰክቶ፣ ያችን አንዲት መስመር ጽፎ ተመለሰ። ለአንድ መስመር ጽሑፍ የአየር ትኬት ያስቆረጠ ጸሐፊ ከእኛ ማኅበር እንኳ አላውቅም።

የልጁ ምክር ቀላል ነው። ፋየርዎል ከመንካትህ በፊት ሰርቨሩን “ከ10 ደቂቃ በኋላ አሮጌውን ደንብ መልስ” ብለህ ታዝዘዋለህ። ከተሳካልህ ትዕዛዙን ትሰርዛለህ፤ ራስህን ከዘጋህ ቡናህን ጠጥተህ ትመለሳለህ፣ በሩ ተከፍቶ ይጠብቅሃል። መጀመሪያ የገባህበትን መስኮትም አዲሱን በር በሌላ ገብተህ እስክትፈትን አትዝጋ።

ይህ የጂንካ ሰው ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ዋትሳፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም የጠፉት በጥገና ላይ በተሰጠ አንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ ነው። ኩባንያው ራሱን ከኢንተርኔት ነቀለ። የመሥሪያ ቤቱ የበር ካርዶች ሳይቀሩ በዚያው መረብ ላይ ስለነበሩ ጠጋኞቹ ወደ ክፍሉ መግባት ተቸገሩ። እነሱም ወረቀቱን በሩ ላይ ሳይለጥፉ አይቀሩም፤ ያለ ሥራ መግባት ክልክል ነው።

ከርቀት በላይ የሚያጣላን ሰዓት ነው። ሰርቨር የሚኖረው በለንደን ሰዓት ነው፤ ያውም ክረምት ከበጋ በማይለዋወጠው። እኛ ጠዋት 2 ሰዓት ስንል የእጅ ስልኩ 8 ይላል፣ የሰርቨሩ መዝገብ ደግሞ 5 ብሎ ጽፏል። ሦስቱም ልክ ናቸው። አንድ መሥሪያ ቤት “ማታ በ2 ሰዓት ጥገና ይደረጋል” ብሎ የጻፈውን ደብዳቤ አንድ ቀልጣፋ ጸሐፊ በእንግሊዝኛ መልሰው “ከሰዓት በኋላ 2” አድርገው ናይሮቢ ላሉት ጠጋኞች ላኩት። ኬንያዊው ሰዓቱን አክባሪ ነው፤ ልክ በተባለው ደቂቃ ዘጋው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ምሳ በልቶ የተመለሰው ሕዝብ ገና ወረፋ መያዙ ነበር።

ልጁ አሁን ማስታወቂያ ሲጽፍ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ያደርጋል። ሰርቨሩን ግን የራሱ ሰዓት ላይ ይተወዋል፣ ከኢንተርኔት እየጠየቀ እንዲያስተካክል አድርጎ። ሆዱ ውስጥ ያለችው ትንሿ ክብ ባትሪ ስታልቅ መብራት በሄደ ቁጥር ሰርቨሩ ዓመታት ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያን ጊዜ የይለፍ ቃሉ ትክክል የሆነ ሰው ሁሉ “ስህተት” ይባላል። ስለ ጳጉሜ አታንሱብኝ። ውጭ አገር የተሠራ ፕሮግራም 13ኛ ወር እንዳለን አልሰማም፤ ደመወዝ ክፍልም ሊያስረዳው አልቸኮለም።

ከሰዓቱ ወደ ቀኑ፣ ወደ አርብ እንምጣ።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016፣ አርብ ለቅዳሜ ማለት ነው፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተሙ ላይ ማሻሻያ አድርጎ ነበር። ሌሊቱን አንዳንዱ ደንበኛ ሂሳቡ ውስጥ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣት እንደቻለ ደረሰበት። እንዲህ ያለ ዜና ከዩኒቨርሲቲ ዶርም በፍጥነት የሚደርስበት ቦታ የለም። ተማሪው ፒጃማውን እንደለበሰ ኤቲኤም ላይ ተሰለፈ። ሲነጋ ባንኩ አገልግሎቱን አቆመ፤ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ፤ አላግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ ተገለጸ። ዩኒቨርሲቲዎች “የወሰዳችሁትን መልሱ” የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ፣ አብዛኛውም ተመለሰ። በሕይወቴ ያየሁት “ሲስተም የለም” ያልተባለበት ብቸኛ ሌሊት ነው። ሲስተም ነበረ። ከሚገባው በላይ ነበረ።

ይህን እያወጋን ልጁ አንድ ሌላ አርብ ጨመረልኝ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ክራውድስትራይክ የሚባል የአሜሪካ የደህንነት ኩባንያ የላካት አንዲት ትንሽ ማሻሻያ 8 ሚሊዮን ተኩል ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ስክሪናቸውን ሰማያዊ አድርጋ አስቀረች። አውሮፕላን ቆመ፣ ሆስፒታል ተጨነቀ። እሱም አርብ ነበር።

“አባቶቻችን አርብን ጾም ያደረጉት በከንቱ አይደለም” አለኝ። “ከሥጋና ከወተት ብቻ መሰላቸው እንጂ ከአፕዴትም ነው።” ማሻሻያ የሚገባው ማክሰኞ ጠዋት ነው ይላል፤ ባለሙያው አርፎ ሲመጣ፣ የሚደወልለት ሰው ስልኩን ሲያነሣ፣ መጀመሪያ በአንድ ሰርቨር ላይ ተሞክሮ፣ ወደ ኋላ መመለሻው መንገድ ተጽፎ። ማክሰኞ ዲመካ ገበያ ነው ብዬ ላስቸግረው ፈለግሁ፤ ተውኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለዱቄት ነው፤ ገንዘብ ሲፈስ የሚለቅመው ሌላ ነው።

ስለ ጠባቂ ፕሮግራሞችም ጠይቄው ነበር። ሰርቨሩ ሲታመም መልእክት የሚልክ ነገር አለ አሉኝ፣ ታዲያ ለምን ሁሌ ከሕዝቡ ነው የምትሰማው? ሳቀ። ከእሱ በፊት የነበረው ባለሙያ ጠባቂውን የጫነው በዚያው በሚጠበቀው ሰርቨር ላይ ነው። ሲሞት “ሞቻለሁ” ብሎ እንዲደውል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንላለን፤ ይህኛው ውሻ ጅቡ ሆድ ውስጥ ሆኖ ነው ሊጮኽ የታሰበው። ለነገሩ አማዞንም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የማከማቻ አገልግሎቱ በአንድ ትዕዛዝ ስህተት ለሰዓታት ሲወድቅ፣ “አገልግሎቱ ወድቋል” ብሎ የሚያሳውቀው ገጽ የተቀመጠው እዚያው ላይ ስለነበር ገጹ “ሁሉ ሰላም ነው” እያለ ቆይቷል።

ዲስክ ሲሞላ ደግሞ እንኳን ውሻ የሚጮኽ አንድ ድምፅ የለም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሰርቨሩ በየደቂቃው የሠራውን ይጽፋል፣ ይጽፋል፤ አሮጌውን የሚያነሣለት ከሌለ አንድ ቀን ለአንድ ፊደል የሚሆን ቦታ ያጣና ቀጥ ይላል። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ወረቀት ያልጣለ መሥሪያ ቤት ይህን መረዳት አልነበረበትም?

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ ግን መቅድም ነው። የልጁ ትልቁ ደዌ ባካፕ ነው።

የትኛውም ቢሮ ገብታችሁ “ባካፕ አላችሁ?” በሉ። “አለን” ይሏችኋል፣ ደረታቸውን ነፍተው። “ከፍታችሁ አይታችሁታል?” በሉ። ያን ጊዜ ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ክላውድ ላይ አካውንት ሳይኖረው አልቀረም።

ፈረንጁም ከዚህ አልዳነም። ጊትላብ በሚባለው፣ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን በሚያኖሩበት ኩባንያ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ አንድ የደከመው ባለሙያ ሌሊት ላይ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናው ላይ ሆኖ የዳታቤዙን ማኅደር ሰረዘ። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት 4 ተኩል ገደማ ተርፎ አገኘ። አይዞን፣ አምስት ዓይነት ባካፕ አለን አሉ። አንዱ አልተዘረጋም ነበር፣ አንዱ ባዶ ነበር፣ አንዱ ደግሞ መክሸፉን የሚነግረው ኢሜይል ራሱ በመንገድ እየተመለሰ ማንም አላየውም። ያዳናቸው አንዱ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ ብሎ በአጋጣሚ የወሰደው ቅጂ ነው። ይህን ሁሉ ራሳቸው ናቸው አደባባይ ያወጡት፤ ጥገናውንም በቀጥታ ስርጭት አሳዩ። እኛ ዘንድ ቢሆን ኮሚቴ ይቋቋም ነበር።

ልጁ ከዚህ የወሰደው አንድ ልማድ አለ። የዋናው ሰርቨር ስክሪን ቀይ ነው፣ የሙከራው አረንጓዴ። አንድ ነገር ከመሰረዙ በፊት እጁን ከኪቦርዱ ያነሣና የሰርቨሩን ስም ጮክ ብሎ ያነባል። ሌሊት ብቻውን ሲሠራ የሰሙት ጥበቃው ጸሎት መስሏቸው ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።

ቅጂ የት መቀመጥ እንዳለበት ግን ሙያው ከመምጣቱ በፊት እዚህ የታወቀ ነገር ነው። ሐመር ከብቱን ሁሉ በአንድ በረት አያጉርም። ከፊሉን ከሩቅ ወዳጆቹ ዘንድ ያኖራል፤ ድርቅ፣ በሽታ ወይም ዘራፊ አንዱን ሲመታ ሌላው ይተርፋል። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ሩቅ አገር ይሁን የሚለው የሙያው ሕግ ከዚህ የተለየ ነገር አልተናገረም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ላይ ኦቪኤች የተባለው ኩባንያ የሰርቨር ሕንፃ ሲቃጠል፣ ላሟንም ጥጃዋንም እዚያው ግቢ ያሰሩ ደንበኞች ነበሩ።

ሩቅ አገር ሲባል ደግሞ ሒሳብ አለው። አማዞን አፍሪካ ውስጥ የከፈተው የክላውድ ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ኬፕ ታውን ነው። ክፍያው በዶላር፣ ዶላሩም በካርድ ነው፤ ካርዱ ብዙዎቻችን ዘንድ የለም። ስለዚህ የስንቱ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽና ባካፕ የሚኖረው አንድ ሠራተኛ አሜሪካ ባለ የአክስቱ ልጅ ካርድ ነው። የአክስት ልጅ ደግ ነው፤ ካርዱ ግን የሚያልቅበት ቀን አለው። ያን ቀን እዚህ የሚጠፋው ነገር ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ያለ ሰው ኪስ ውስጥ እንደነበር ማን ያምናል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ዘለለ፤ የአክስት ልጅም “ለመሆኑ ይሄ ነገር ምንድን ነው የምከፍለው?” ብሎ መጠየቅ ጀመረ። አሁን አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ የግል ዳታ ማዕከሎች አሉ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም ቴሌክላውድ አለው። ልጁ የሚመክረው፣ የትም ቢሆን፣ ክፍያው በመሥሪያ ቤቱ ስም ይሁን፣ ወጪው ሲያልፍ የሚጮኽ ማንቂያም ይኑረው ነው።

አንድ ጊዜ ለሥራ ወደ ዱስ ሲወርድ አብሬው ሄድኩ። ከገደሉ ላይ ቁልቁል ኦሞ ቡናማ ሆኖ ይጠማዘዛል። ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ ካሮዎች ዳርቻው ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ላይ ጊቤ 3 ከተገደበ ወዲህ ውሃው እንደ ድሮው አይሞላም። 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ኃይሉ ወደ ወላይታ ሶዶ ወጥቶ ከአገሪቱ መስመር ይቀላቀላል፤ አዲስ አበባ የሚያጓሩት ሰርቨሮች ከዚሁ ወንዝ የሚደርሳቸው አለ። እዚህ ስልክ የሚሞላው በሶላር ነው።

በዚያው አካባቢ ያገኘናት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታብሌቷን በፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ደግማ ሸፍና ነው ያወጣችው። የእናቲቱን ስም፣ የክትባቱን ቀን ትመዘግባለች፤ ታብሌቱ ኔትወርክ ባይኖርም ይይዘዋል፣ ኔትወርክ ያለበት ስትደርስ ይልከዋል። ማዕዘኑ ላይ ያልተላከው ቁጥር ይታያል። ጎኗ ደግሞ ያው ነገር በእጅ የተጻፈበት መዝገብ አለ። ለምን ሁለቴ ትደክሚያለሽ አልኳት። “ጋሼ፣ ታብሌቱ ይሞታል፤ መዝገቡን ምስጥ ይበላዋል። ሁለቱ አንድ ቀን አይመጡም።” ልጁ ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈው። ኔትወርክ በሌለበት “ሲስተም የለም” የማይባልበት ብቸኛ ቦታ ዱስ አካባቢ መሆኑ እስከ ጂንካ ድረስ ሲያስቀው መጣ።

ጂንካ እንደገባን ወኔው ተነሣስቶ ነበር። በሳምንቱ ኃላፊውን አስፈቅዶ ባካፖቹን ሊከፍት ወሰነ። በመሥሪያ ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው ስለሆነ እኔም ታዛቢ ሆኜ ገባሁ።

ሦስት ቅጂ አለ ተብሎ ነበር። የክላውዱ አልከፈት አለ፤ የአክስት ልጅ ካርድ አልቋል። ሁለተኛው ተገኘ፣ ግን ፓስወርድ ጠየቀ። ፓስወርዱን ያበጀው የቀድሞው ባለሙያ ወደ ሐዋሳ ተዛውሯል። ተደወለለት፣ ድምፁም በሞባይሉ ስፒከር ለሁላችን ተሰማ።

“ፓስወርዱ... የሰው ስም ነበር መሰለኝ።”

“የማን ስም?”

ዝም አለ። “ሚስቴ አጠገቤ ናት። ማታ እደውልላችኋለሁ።”

የቀረው መሳቢያ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው። ላዩ ላይ በማርከር “ባካፕ — አይነካ” ተብሎ ተጽፎበታል። ተሰካ። ሞልቷል፤ እሰይ ተባለ። ተከፈተ። የኃላፊው ሠርግ ነው። ከሽምግልናው እስከ ቅልቅሉ፣ በሦስት ካሜራ።

ተቆጪ ጠፋ። እትዬ ከሰላቸውን ትተው መጡ፣ ጥበቃው መጡ፣ ከመስኮቱ ያለችው ልጅም “ሲስተም የለም” ብላ ዘግታ መጣች። ኃላፊው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ “በሞትኩት፣ እዩዋት!” አሉ። አንዱ ሚዜ ላይ ሁሉም ሳቀ። ልጁ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል።

ቪዲዮው ሲያልቅ ኃላፊው ተነሡና ትከሻውን ያዙት።

“አይቲ፣ ይህቺን እንኳ ዛሬውኑ ሁለት ቦታ ኮፒ አድርግልኝ። አንዱን አዲስ አበባ እህቴ ጋ እልከዋለሁ። ደግሞ ኮፒ ካደረግክልኝ በኋላ መከፈቱን አይተህ ንገረኝ። ነገር አይታወቅም።”